ሰነፍ ጥንቸል የለም

ውድ የልጄ አባት፣

"ውድ" ስልህ እንዳትቸኩል። ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው በፍቅር የሚባለው ነው፣ ሁለተኛው ብዙ ላስከፈለ ነገር የሚባለው። አንተን የጠራሁህ በሁለተኛው ነው።

ሰሞኑን የቤተ ሙከራህን የእንስሳት ቤት ስታምሰው እንደከረምክ ሰማሁ። ሳጥን በሳጥን፣ ጥንቸል በጥንቸል እየዞርክ የብልቃጥ ቁጥር ሃያ አምስትን ደም ባለቤት ስትፈልግ ነበር አሉ። አላገኘሃትም፤ አታገኛትምም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝከው። ይባስ ብለህ የእንስሳት ቤቱን ጠባቂ፣ ጋሽ ካሮትን፣ "አንዷን ደብቀህብኛል፣ ካልሆነም ገድለህ ቀብረሃታል" ብለህ ከሥራ አግደኸዋል። ያ ሰው ከራሱ ቁርስ የጥንቸሎችህን ቁርስ የሚያስቀድም ሰው ነው። ምንም አላጠፋም። የዚያ ደም ባለቤት የት እንዳለች የማውቀው እኔ ነኝ።

ሌላም የጠፋብህ አለ። ልጃችን ባለፈው እሁድ ወደ አንተ መመለስ ነበረባት፣ አልተመለሰችም። ስትደውል አላነሳሁም። "ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ" የሚል መልእክት ልከህልኛል። አቁመኝ፤ መንገዱን ከዚህ በፊትም አሳይተኸኛል። ግን አስቀድመህ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። የልጅቷም የብልቃጧም ነገር መልሱ አንድ ላይ ነው ያለው።

እንዴት እንደተዋወቅን ታስታውሳለህ? አታስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለዚህ ነው በእኛ ቤት የማስታወስ ሥራ ሁልጊዜ የእኔ የነበረው። ሁለታችንም ገና ከትምህርት ቤት መውጣታችን ነበር። አንተ ከጥንቸሎቹ አንገት የታይሮይድ ዕጢን ታወጣለህ፣ እኔ ደግሞ ከቀናት በኋላ ደማቸው ውስጥ ያለውን ስብ እለካለሁ። ያቺ ቢራቢሮ የምትመስል ትንሽ ዕጢ አንገት ላይ ተቀምጣ መላ ሰውነትን ታዝዛለች። ጉበትን "ስቡን ከደም ውስጥ ልቀም" የምትለውም እሷ ናት። እሷ ስትወጣ ጉበት አለቃው እንደቀረ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ስቡ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ጥርት ያለው የደም ውሃ ወተት ጠብ እንዳለበት ይደፈርሳል። እኔና አንተ በዚህ ጉዳይ ላይ ስንጨቃጨቅ ነው የተፋቀርነው። ሌላዋ ሴት በእጮኝነቷ አበባ ይሰጣታል፣ ለእኔ የጥንቸል ኮሌስትሮል ውጤት ነበር የምትሰጠኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

አንዲት ነጭ ጥንቸል ነበረች፣ አንድ ጆሮዋ ግራጫ። ከሳጥኗ ጥግ አትነቃነቅም። የዚያን ጊዜው አለቃችን አይቷት "ይቺ ሰነፍ ናት፣ ከጥናቱ አውጧት" ሲል፣ አንተ አዲስ ተቀጣሪው፣ ደምህ ፈልቶ መለስክለት።

"ሰነፍ ጥንቸል የለም። የታመመች ጥንቸል ናት ያለችው።"

ከዚያ ከሳጥኗ አውጥተህ ጋዋንህ ውስጥ ደበቅካት፤ ሰውነቷ እስኪሞቅ ድረስ ደረትህ ላይ ይዘሃት በኮሪደሩ ተመላለስክ። ጆሮዎቿ ብቻ ካንገትጌህ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። እኔ በዚያች ቅጽበት ነው ያለቀልኝ። ለእንስሳ እንዲህ የሚሆን ሰው ለሚስቱማ እንዴት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሒሳቡ ትክክል ይመስል ነበር።

በኋላ አለቃ ስትሆን ያቺን ዓረፍተ ነገር በቤተ ሙከራው በር ላይ በራስህ እጅ ጽፈህ ሰቀልካት። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲመጣ በቃሉ እንዲላት ታደርጋለህ። ሰነፍ ጥንቸል የለም። ቆንጆ አባባል ናት። ከዚያ በር ወጥታ እኛ ቤት ድረስ ግን አንድ ቀን መጥታ አታውቅም።

ልጃችን ከተወለደች በኋላ በረደኝ።

ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ፀሐይ በሞላበት ክፍል ሁለት ካልሲ ደርቤ ይበርደኝ ነበር። ማበጠሪያው ላይ ፀጉሬ በእፍኝ ይቀራል። ድምፄ ጎርንኖ አንድ ቀን እናትህ ደውለው "ማነህ አንተ? የልጄን ሚስት አቅርብልኝ" አሉኝ። "እኔ ነኝ እማማ" ብላቸው "ወንድ እህት አለቻት እንዴ?" ብለው ዘጉት። ስነግርህ ሳቅህ እስኪያስነባህ ሳቅክ፤ እኔም ሳቅኩ። ድምፄ ለምን እንደተለወጠ ግን አልጠየቅክም። ምግብ አስጠልቶኝ ሰውነቴ ይጨምራል። "እየተደበቅሽ ባትበዪ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አልከኝ። ያው አንተ በዚያው ሳምንት "ዕጢያቸው የወጣ ጥንቸሎች ጥቂት እየበሉ ክብደት ይጨምራሉ" ብለህ ጽፈህ አንብቢልኝ ብለህ ሰጥተኸኝ ነበር። አነበብኩት። ሁለት ቦታ ፊደል አረምኩልህ።

ማሞቂያውንስ? የመኝታ ቤታችንን ትንሿን ማሞቂያ ከሶኬት የነቀልካት ቀን እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ አይህ ነበር።

"ወዴት ነው የምትወስዳት?" አልኩህ።

"የጥንቸሎቹ ክፍል ቀዝቅዟል። ዕጢ የሌላቸው ብርድ አይችሉም፣ ያልቁብኛል።"

"እኔም እኮ በርዶኛል።"

"አንቺ ተነሺና ተንቀሳቀሺ፣ ይሞቅሻል። እነሱ እኮ ታመው ነው!"

ገመዷን ክንድህ ላይ ጠቅልለህ ወጣህ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ልቤ ሊራራልህ ባለ ቁጥር ያችን የተጠቀለለች ገመድ አስታውሳታለሁ።

ስንፋታ ልጅቷ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ልጅቷ ለእርስዎ እንድትሰጥ የሚጠይቁት በምን ምክንያት ነው?" ሲሉህ ቆመህ ኮትህን ቆለፍክ።

"ክብርት ዳኛ፣ እናቷ ጠዋት አትነሳም። ልጅቷን ያለ ቁርስ መዋዕለ ሕፃናት የምወስዳት እኔ ነኝ። በሽታ የለባትም፣ ሰነፍ ናት። የታመመውን ከሰነፈው መለየት ደግሞ ሙያዬ ነው።"

ሙያዬ ነው አልክ። ምለህ፣ እጅህን አንስተህ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው "ጠዋት አይነሱም?" ሲሉኝ ምን ልበል? አልነሳም ነበር። ልጅቷ ለአንተ ተፈረደች፣ ለእኔ የሳምንቱ መጨረሻ ተሰጠኝ። ባል አጥቼ ሳበቃ ልጅም አጣሁ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። በእኔ ላይ ሲደርስ ግን ተረትም አልነበረም፤ ችግሩ እውነትም ከአንገቴ ነበር የመጣው።

ይህንን ያወቅኩት ልጄን ካስረከብኩ በኋላ ነው። ድምፄ ጭራሽ ሊጠፋ ሲል ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት፣ በሁለት ጣቷ አንገቴን ዳሰሰችና መጠየቅ ጀመረች። ይበርድዎታል? ፀጉርዎ ይረግፋል? ጥግ ይዘው መቀመጥ ይወዳሉ? ምግብ ቀንሰው ክብደት ጨምረዋል? እኔ ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ።

"እነዚህን ጥያቄዎች ለዓመታት በየጠዋቱ ስጠይቅ ነበር" አልኳት፣ "ለጥንቸል።"

ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ፣ ምስኪኗ ልጅ ሶፍት ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ከፈተች።

"አንቺስ ባለሙያ አይደለሽ? ለምን ራስሽ አላወቅሽውም?" እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ አንደበትህን ለምጄዋለሁ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይኸው ነው፤ ሌላውን አካል ከማቀዝቀዙ በፊት ማሰቢያውን ያቀዘቅዛል። ያቺ ባለ ግራጫ ጆሮም እኮ ራሷን አልመረመረችም። ያወቅክላት አንተ ነህ።

ክኒኑን ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ካልሲውን አወለቅኩ፣ ድምፄ ተመለሰ፣ ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ መንቃት ጀመርኩ፣ ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ሥራ አገኘሁ። ያን ጊዜ ደወልኩልህ። ልከስህ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነበር የደወልኩት። ታይሮይድ ነበር እኮ፣ በሽታ ነበር እኮ አልኩህ። ምን እንዳልከኝ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ ለስንፍናሽ የሕክምና ስም ተገኘለት በያ!"

ቂም የያዝኩት ያን ቀን ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ሁለቱም አብረው አይሄዱም ለማለት ነው። እኔ ነገሩን አላከበድኩትም፤ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ። ቦታም አልፈጀብኝም።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትመጣዋ ልጅ ፎቅ መሐል ላይ ቆማ ማረፍ ጀመረች። ቤት ገብታ ካፖርቷን አታወልቅም። ሳናግራት መልሱ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሁሉ ይዘገያል። የጠዋቱ ትምህርት ላይ ትወድቃለች፣ የከሰዓቱን ታልፋለች። እኔ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ፤ ዋና ተዋናይዋ ነበርኩ። ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩልህ፤ "እባክህ ልጅቷን አስመርምራት፣ የእኔው ነገር ሳይሆን አይቀርም" አልኩህ። መልስህ አንድ መስመር ነበር።

"ስንፍናም በዘር ይተላለፋል ማለት ነው።"

ጠብቄህ ነበር። ምናልባት ሌላ ነገር ጨምሮ ይጽፋል ብዬ ስልኩን ደጋግሜ አየሁት። ከዚያ በኋላ አንድ አርብ ማታ፣ እኔ ሰሃን ሳጥብ እሷ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተቀምጣ፣ ከየት እንዳመጣችው ሳላውቅ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ እኔ ግን ለምንድን ነው ሰነፍ የሆንኩት?"

"ማነው ሰነፍ ያለሽ?"

"አባዬ። ጠዋት በሩን በእግሩ ሲመታው ነው የምነቃው። 'ተነሺ አንቺ! እናትሽን ወጣሽ' ይለኛል።" ካፖርቷን ወደ አንገቷ ሳበችና "እሱ እኮ ዝም ብሎ አይናገርም፣ ሙያው ነው" አለችኝ።

ሰሃኑ ከእጄ አልወደቀም፣ እንደዚያ የሚሆነው በፊልም ነው። አጥቤ ጨረስኩት፣ አደረቅኩት፣ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ነገ ቁርስ ሳትበይ ሆስፒታል ይዤሽ እሄዳለሁ አልኳት። "እሺ" አለች፣ "ግን ለአባዬ አትንገሪው። ሰበብ ፈለገች ይለኛል።"

ደሟን በራሴ እጅ ቀዳሁ። በማግስቱ ያቺው ሐኪም ውጤቱን አየችውና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። አእምሮ ሥር ያለችው አለቃ ዕጢ "ሥሪ! ሥሪ!" እያለች ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትጮኻለች፣ የልጄ ታይሮይድ መልስ የላትም። በዚያው ቀን ክኒኑን አስጀመረቻት። ልጅቷ ክኒኑን በእርሳስ ማስቀመጫዋ ውስጥ ደብቃ ወደ ቤትህ ተመለሰች። የገዛ አባቷ፣ በታይሮይድ ስሙ የተጠራ ሰው፣ እንዳያይባት የታይሮይድ መድኃኒቷን ከእርሳስና ከመቅረጫ ጋር ደበቀችው። ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው።

ከምርመራ የተረፈው የደሟ ውሃ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ሳየው ደፍርሷል፣ ከላዩም ስስ ክሬም ሠርቷል። ልደፋው አነሳሁት። በዚያው መደርደሪያ ላይ ከእናንተ ቤተ ሙከራ የመጡት የጥንቸል ብልቃጦች ተደርድረው ነበር፤ መሣሪያችሁ ተበላሽቶ እኛ ዘንድ ልካችኋቸው፣ የቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ እንዳይታወቅ ስም ተነስቶ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ለዓመታዊ ትርኢትህ፣ ደሙን በዓይንህ ብቻ አይተህ በአዲስ ተማሪዎች ፊት ለምትፈርድበት፣ ሊመለሱ የተዘጋጁ። ቁጥሩን የምለጥፈው እኔ ነኝ። የነበሩት ሃያ አራት ናቸው። የልጄን አልደፋሁትም። ጥርት ባለ ጽሑፍ ሃያ አምስት ብዬ ለጠፍኩበት።

ትርኢትህን መቼም ሰው ሁሉ ይወደዋል። አዲሶቹ ተማሪዎች አዳራሹን ሞልተውታል፣ አንተ መስኮቱ ጋ ቆመሃል፣ እኔ ብልቃጦቹን ያመጣሁ ነኝና ከኋላ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። "የሆስፒታሉ እንግዳችን ናቸው" ብለህ አስተዋወቅከኝ። ናቸው! አንድ አልጋ ላይ ስንት ዓመት የተኛን ሰዎች "ናቸው" ተባባልን። ከዚያ ብልቃጥ እያነሳህ ወደ ብርሃኑ እያየህ መፍረድ ጀመርክ። "ይህ ዕጢው ደህና ነው። ይህ ወጥቶለታል። ይህ ደህና።" አልዋሽም፣ ዓይንህ አይስትም። አንድም አልሳትክም። ለዚህም ነው የጠላሁህ፤ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ እምረው ነበር።

ሃያ አምስት ላይ ስትደርስ ብልቃጡን ዘቀዘቅከው፣ መለስከው፣ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጋህ። ድምፅህ ተለወጠ፤ ያ የድሮው፣ የኮሪደሩ ድምፅህ መጣ።

"ይህቺን ተመልከቱ" አልካቸው። "ዕጢዋ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ጉበቷ ስቡን መልቀም ትቷል፤ አያችሁ ክሬሙን? በዚህ ደም የምትኖር ፍጡር ቀኑን ሙሉ ይበርዳታል። ጥግ ትይዛለች። ጠዋት መንቃት ለእሷ ተራራ ነው።"

ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። "ዶክተር፣ በተፈጥሮዋ ሰነፍ ብትሆንስ?"

ከአዳራሹ ወደ ቤተ ሙከራው ወደሚያስገባው፣ ጽሑፍህ ወደተሰቀለበት በር ጠቆምክ። አዳራሹ ሙሉ ባንድ ድምፅ አነበበው። "ሰነፍ ጥንቸል የለም!"

ሳቁም፣ አጨበጨቡም። አንተ ግን አልሳቅክም፤ ተቆጥተህ ነበር፣ ከልብህ። ዓይንህ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። ከዚያ እኔ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የነበረውን ነገር ተናገርክ።

"ከየትኛው ሳጥን ናት? ጠባቂዋስ ማነው? ይህን ያህል ጊዜ በየቀኑ በሯን እየከፈተ፣ እያያት፣ መታመሟን ያላወቀ ሰው ወይ ጨካኝ ነው ወይ ዕውር ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷ አጠገብ እንዳይደርስ!"

እዚያው መናገር እችል ነበር። ከኋላ ሆኜ ሁለት ቃል ብጥል አዳራሹ ይበቃህ ነበር። አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ ግን ማታ ልጅቷ የአባቷን መዋረድ ከሰው አፍ ስትሰማ ታየኝ፣ ዘጋሁት። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።

ጋሽ ካሮት በማግስቱ ደወለልኝ። ያ ሰው ሲከፋውም ቀልዱ አይጠፋበትም።

"እህቴ፣ ሃያ አራት ጥንቸል ተረከብኩ፣ ሃያ አራት ጥንቸል አለኝ። ዶክተር ሃያ አምስተኛዋን ውለድ ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ ልውለዳት እንዴ?"

"ታገስ ጋሽዬ፣ እኔ እወልድልሃለሁ" አልኩት። አልገባውም። የወለድኳት እኔ መሆኔን ዛሬ ይኸው ላንተ እየነገርኩህ ነው።

ተነስተህ ስትንጎራደድ ይታየኛል። "የሰውን ደም በጥንቸል መስፈሪያ ለካሽው፣ የደህና ሰው ደም እንኳ ከጥንቸል ይበልጥ ስብ አለው" ልትለኝ ነው። አትድከም። በጥንቸል መስፈሪያ የለካሃት አንተ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ እኔ በሰው መስፈሪያ ለክቼ፣ ሐኪሟ አይታልኝ፣ መድኃኒት አስጀምሬ ነው ትርፉን ያመጣሁልህ። ውጤቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ማንበብ ታውቅበታለህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ ስንሰማ ስንት ጊዜ አብረን ስቀናል! ስንስቅ ስለ ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

ከየትኛው ሳጥን ናት ብለህ ጠይቀሃል። ከሳሎኑ ቀጥሎ ካለው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ከሚያየው፣ በሩን በየጠዋቱ በእግርህ ከምትመታው።

ጠባቂዋ ማነው ብለህም ጠይቀሃል።

ባለፈው አርብ ስትመጣ ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደሟን አባቷ እንዳየው፣ ምን እንዳለ፣ አዳራሹ ምን ብሎ እንደጮኸ። ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

"ስለዚህ ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?" አለችኝ።

"አይደለሽም።"

"አባዬ ነው ያለው? በራሱ አፍ?"

"በራሱ አፍ።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። ከእኔ ከሰማችው ይልቅ፣ ከሐኪሟም ይልቅ፣ አንተ ለጥንቸል መስሎህ የተናገርከው ነው ያጽናናት። አሁንም ትወድሃለች። ከሁሉ በላይ ይቅር ልልህ ያልቻልኩት ይህንን ነው።

እንግዲህ አልመለስኳትም። ልጅ ነጠቀችኝ ብለህ ለማንም እንዳታወራ፣ ፍርዱ የእኔ አይደለም። ሙያው የሆነ ሰው፣ ማስረጃውን ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ፣ በተማሪዎቹ ፊት ፈርዷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ማንም ይሁን ማን፣ ከዛሬ ጀምሮ እሷ አጠገብ እንዳይደርስ" ተብሏል። እኔ ትእዛዝ አስፈጻሚ ነኝ። ይግባኝ ካለህ እዚያችው ዳኛ ፊት ቁም፤ እጅህን አንሳና "የታመመውን ከሰነፈው መለየት ሙያዬ ነው፣ እናቷንም እሷንም ግን አልለየሁም" በል። እሷን ስትል፣ ታየዋለህ፣ ድምፅህ ይሰበራል፤ እናቷን ስትልም ይሰበር እንደሆነ ለማየት የፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ልጅህን ማየት ብትፈልግ ቤቴን ታውቀዋለህ። በሩን በእጅህ አንኳኳ።

ጋሽ ካሮትን ነገውኑ ወደ ሥራው መልሰው፣ ይቅርታም ጠይቀው። ስትመልሰውም ባዶ እጁን አትላከው፤ ያችን የመኝታ ቤቴን ማሞቂያ ከጥንቸሎቹ ክፍል ነቅለህ፣ ገመዷን ክንድህ ላይ ጠቅልለህ፣ ስጠው ያምጣልኝ። ክኒኑ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ልጅቷን ደግሞ ዛሬም ይበርዳታል። ጥንቸሎችህ ጸጉር አላቸው።

የብልቃጥ ቁጥር ሃያ አምስት እናት